ከኋላ ወንበሩ ስር ምን አለ?

የመኪና ድምፅ መሣሪያ የሚገጥም ሰው የሚፈራው ገንዘብ የሌለውን ደንበኛ አይደለም። እሱ ይከራከራል፣ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ካልተስማማም ሰላም ብሎ ይሄዳል። የሚያስፈራው ሌላ ቤት የተሠራ ሥራ ይዞ የሚመጣው ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

የምሠራው ቨርጂኒያ ነው፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ። ሐበሻ የሞላበት ሰፈር ስለሆነ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። የኡበር ሾፌሩ የተቀደደ ስፒከር ሊያስቀይር ይመጣል። ወጣቱ ቤዝ ይፈልጋል፣ ያንን ደረት የሚያንቀጠቅጠውን ወፍራም ድምፅ። ቤዝ ሲል ደግሞ ትንሽ አይበቃውም።

ይሄኛው ልጅ የመጣው መኪናውን በመጎተቻ አስጭኖ ነው። የ2015 ሳዮን ኤፍአር-ኤስ፣ ቀይ፣ በጣም የተያዘ መኪና። ለማያውቀው፣ ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሩት ትንሽ ስፖርት መኪና ነው፤ ሱባሩ ቢአርዜድ ብሎ ይሸጠዋል፣ ሳዮን የሚባለው ስም በ2016 ሲቀር ደግሞ ቶዮታ 86 ተባለ። ክብደቱ ወደ 1,250 ኪሎ ብቻ ነው። አራት ሰው ይጭናል ይባላል እንጂ ከኋላ የሚመቸው ለሕፃን ልጅና ለቦርሳ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች የኋላውን ወንበር አውጥተው በቦታው የሰብዉፈር፣ ማለት ቤዝ የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር፣ ሳጥን ያሠራሉ። በዚህ ነገር አልፈርድም፣ እንጀራዬም ነው።

የሱም ወንበር ወጥቷል። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ቤት ከ3,000 ዶላር በላይ አስከፍሎ ሠርቶለታል። እውነት ለመናገር ከላይ ሲታይ ያምራል። ጥቁር ቆዳ ለብሷል፣ ቀይ ክሩ ከፊት ወንበሮቹ ስፌት ጋር ገጥሟል፣ ሁለቱ አስራ ሁለት ኢንች ሰብዉፈሮች በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል። ባልደረባዬ ኤልሳልቫዶራዊ ነው፣ ሥራውን ከኔ በፊት ብዙ ዓመት ሠርቶበታል፣ የሰው ሥራ በቀላሉ አያደንቅም። እሱም ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ችግሩ ምንድነው?» አልኩት ልጁን።

«ጋሼ፣ መኪናው አይነሳም። መካኒኩ የነዳጅ ፓምፑ ሞቷል አለኝ።»

«እና እኛ ጋ ምን አመጣህ?»

«ቦክሱን አስወጣና ተመለስ አለኝ። የሠሩት ልጆች አይወጣም አሉኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። በዚህ መኪና የነዳጅ ፓምፑ የሚገኘው ከኋላ ወንበሩ መቀመጫ ስር ነው። መቀመጫውን ታነሳለህ፣ ክዳን አለ፣ ክዳኑን ስትከፍት ፓምፑ ከነገመዱና ከነቱቦው ይታይሃል። በብዙ መኪና እንዲሁ ነው። የነዳጅ ታንኩ የኋላ ወንበር ስር የሚደረገው ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ፊት፣ ከግጭት ራቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ሳጥን የሚሠራ ሰው የሚሠራው ነዳጅ አናት ላይ ነው። ይሄን ሳያውቅ ድሪል የሚያነሳ ሰው አለ ብሎ ማሰብ ይከብዳል፣ ግን አለ።

ፓምፑ መሞቱ ራሱ አይገርምም። መኪናው አርጅቷል፣ ልጁም እንደነገረን ሁሌ የነዳጅ መብራት በርቶበት ነው የሚነዳው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተነከረበት ነዳጅ ነው፤ ታንኩ ሁሌ ባዶ ሲሆን ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ይሄን ስነግረው «ቤንዚን ውድ ነዋ» አለኝ። ለሰብዉፈር ግን ሦስት ሺህ።

አለቃችን መጥቶ አየና መጀመሪያ ያለው ነገር «ማንም ግራይንደር እንዳይነካ» ነው። ባትሪው ተፈታ። በሮቹና ትራንኩ ተከፈቱ፣ ማራገቢያው ወደ ውጭ እንዲነፍስ ተደረገ፣ እሳት ማጥፊያው ከጎናችን ቆመ። ብልጭታ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሙሉ ክልክል። የቀረን የእጅ መጋዝ፣ መሮ፣ የፕላስቲክ ሽብልቅና ትዕግሥት ነው።

ሳጥኑ ለምን እንደማይወጣ ያወቅነው ሰብዉፈሮቹን ፈትተን በቀዳዳው የእጅ ባትሪ ስናበራ ነው። ፋይበርግላስ ስትሠራ ሬዚኑ፣ ማለት ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ፣ የመኪናውን ምንጣፍ እንዳይነካ ወለሉን በወረቀት ፕላስተር ደራርበህ ትሸፍናለህ፣ ላዩ ላይ ፎይል ታነጥፋለህ፣ ከዚያ ነው የመስታወት ጨርቁን እያነጠፍክ ሬዚን የምትቀባው። ሲደርቅ የወለሉን ቅርፅ ይዞ ብድግ ይላል። ቀሪውን ሥራ ከመኪናው አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ትጨርሳለህ። እነዚያ ልጆች ግን ፕላስተሩን አንድ ዙር ብቻ ለጥፈው በክፍተቱ ሬዚኑ ሰርጎ ምንጣፉን ጠጥቶት ደርቋል። ሳጥኑ፣ ምንጣፉና ወለሉ አንድ ሆነዋል። ያም አልበቃቸው ብሎ ከሳጥኑ ውስጥ ወደ ወለሉ ቪቴ መትተውበታል።

ባልደረባዬ ቪቴዎቹን ሲያይ በስፓኒሽ የሆነ ነገር አለ። ልጁ «ምን አለ?» ሲለኝ «ጸሎት ነው» አልኩት።

እየቆረጥን፣ እየፈለቀቅን፣ ምንጣፉን እየቀደድን ወረድን። ሰዓቱ ሄደ። የሳጥኑ ግንብ ኤምዲኤፍ ነው፣ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ፣ 19 ሚሊሜትሩ፣ በእጅ መጋዝ ሲቆረጥ ዱቄቱ አፍንጫ ይዘጋል። ማስክ ሳታደርግ አትንካው፣ ሙጫው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ላይ ከበሩ ጋር ቆሞ ያይ ነበር፤ ቆዳው ሲቀደድ ግን አልቻለም፣ ቡና ልጠጣ ብሎ ወጣ። አላሾፍኩበትም።

የነዳጁ ክዳን ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ከቪቴዎቹ አንዱ የገባው ከክዳኑ ጠርዝ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ክዳኑን ፈትተን የእጅ ባትሪ ስናበራ የቪቴው ሹል ጫፍ ከወለሉ ስር ወጥቶ ይታያል። ከጎኑ የነዳጅ ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ላይ ነጭ ጭረት አለ፣ የጥፍር ያህል። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጫፉ እየነካው ሲፍቅ ከርሟል ማለት ነው። ትንሽ ቢቆይ ይበሳው ነበር። እዚያው ላይ ደግሞ አምፕሊፋየሩ፣ አምፕ የምንለው የድምፅ ማጉያ፣ ተቀምጧል፣ ከባትሪ የመጣው ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድም እዚያው ያልፋል።

ልጁ ሲመለስ አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና ለረጅም ጊዜ ፎቶውን እያጎላ አየው። ከዚያ «እህቴን ከፊት አስቀምጬ ኒውዮርክ ደርሼበታለሁ» አለ።

እኔን ግን ከነዳጁ እኩል ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ሳጥኑን፣ ሰብዉፈሮቹንና አምፑን አንድ ላይ ሚዛን ላይ ስናወጣቸው ወደ 60 ኪሎ ናቸው። ይሄን ሁሉ የያዘው ምንጣፍ ላይ የደረቀ ሬዚንና ስስ ቆርቆሮ ላይ የተመታ ጥቂት ቪቴ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግንብ ቢመታና ፊቱ ተጨራምቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ውስጡ ያለው ነገር በሙሉ የክብደቱን ሃያ እጥፍ ያህል ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይገፋል። ስድሳ ኪሎው 1,200 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፣ የመኪናውን የራሱን ክብደት ሊያክል ምንም አልቀረው። ያንን የሚያስቆመው የሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነው። ወንበሩ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

አለቃችን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ወንበር የሚቀመጠው በፋብሪካው ብሎን ነው፣ ቀበቶውም እንዲሁ፤ እነዚያ ቀዳዳዎች ግጭት እንዲችሉ ከስር ተጠናክረው የተሠሩ ናቸው። ሳጥን ወንበር ካስወጣ በወንበሩ ቀዳዳ ይታሰር፣ አለቀ። ወንበሩ ሳይወጣ ቀበቶው ብቻ ይነቀል የሚል ደንበኛም ሲመጣ አንቀበልም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጥገና ቤት መኪናው ሲሠራ የተገጠመለትን የደህንነት ዕቃ እያወቀ ከጥቅም ውጭ እንዳያደርግ ይከለክላል። ባለቤቱ በራሱ እጅ በግቢው የፈለገውን ቢያደርግ ሌላ ነገር ነው፤ ይሄ ሕግ የሚይዘው እኛን ነው። ብዙ ልጆች «ወንድሜ፣ መኪናው የኔ ነው» ይሉኛል። መኪናው ያንተ ነው፣ ቤቱ ግን የኛ ነው።

ፓምፑ ተቀየረ፣ ቱቦውም አብሮ። ወለሉ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ተደፈኑ፣ ዝገት እንዳይጀምራቸው ቀለም ተቀቡ። አሁን ልጁ ቤዝ ይተዋል ብላችሁ ካሰባችሁ ልጁን አታውቁትም። «ጋሼ፣ እናንተ ሥሩልኝ» አለ።

ሠራንለት። መጀመሪያ ግን ተከራከርን። እሱ የሚፈልገው ቀዳዳ ያለውን ሳጥን ነው፣ አየር በቱቦ የሚያወጣውን፣ ድምፁ ይጮሃላ። አስራ ሁለት ኢንች ሰብዉፈር ግን ዝግ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ወደ 30 ሊትር ይበቃዋል፣ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ብዙ ጊዜ የዚያን እጥፍ ይጠይቃል። ይሄ መኪና ያን ሁሉ ቦታ ከየት ያመጣል? ደግሞ እንደዚህ ባለ ትንሽ የመኪና ውስጥ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ በራሱ ይጨምራል። ዝግ ሳጥን ድምፁ እየወፈረ ወደ ታች ሲወርድ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው፣ የመኪናው ውስጥ የደከመውን ይሞላለታል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ግን ከተስተካከለበት ድምፅ በታች በአንዴ ነው ገደል የሚገባው። አላመነኝም። ሌላ መኪና ውስጥ አስቀምጬ አሰማሁት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም፣ ሁለቱን አስራ ሁለት ሽጦ በሁለት አስር ኢንች ቀየራቸው።

አዲሱ ሳጥን ስሩ ፋይበርግላስ ነው፣ ፊቱ 18 ሚሊሜትር የበርች ፕላይውድ። ከኤምዲኤፍ ይቀላል፣ ብሎንም ይይዛል። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎ አልሞላም። ከፓምፑ ክዳን በላይ ያለው ክፍል ለብቻው ይነሳል፤ አራት ብሎን ነው፣ መካኒክ እኛን መጥራት አያስፈልገውም። ፊቱን ከመቁረጣችን በፊት ልጁን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጥነው፣ ሁሌ እንደሚነዳው ወንበሩን ወደ ኋላ እንዲያስተኛ። አስተኝቶት ሊተኛ ምንም አልቀረው። «እውነት እንዲህ ነው የምትነዳው?» ስለው ትንሽ ቀና አደረገው። እንደገና ስጠይቀው ሌላ ትንሽ። እንዲህ ተደራድረን ነው ልኩን የወሰድነው።

ገመዱም ከአዲስ ተዘረጋ። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ገመዱ ከሞተሩ ክፍል በብረቱ ሲያልፍ በጎማ ተከልሎ፣ የመሬት (ግራውንድ) ገመዱ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ የመኪናው ብረት ላይ። የበፊቶቹ ፊውዙን አምፑ ጋ ነው ያስገቡት። እዚያ ያለ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ነው፣ ከባትሪ እስከ አምፑ ድረስ መኪናውን አቋርጦ የሚመጣውን ገመድ ግን ማንም አይጠብቀውም። ቢላጥ በቀጥታ እሳት ነው። ያውም ከቤንዚን ጎን።

ሒሳቡን ስንሠራ ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መኪናውን አንድ ቀን ሊሸጠው ቢፈልግ ወንበሩን መልሳችሁ ትገጥሙልኛላችሁ ወይ? እንገጥማለን፣ ወንበሩ የት አለ አልኩት። ሸጦታል። ቦታ ያዘብኝ ብሎ፣ በ100 ዶላር፣ ከነቀበቶው። ያገለገለ ወንበር ፈልጌ ዋጋውን ሳሳየው ስልኬን መለሰልኝና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ አለቃችን የሥራ መቀበያ ወረቀታችን ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ የፋብሪካው ወንበር የት ነው የተቀመጠው? ደንበኛው ሞልቶ ይፈርማል። ባለፈው አንድ የሙስታንግ ልጅ መጣ፣ እሱም የኋላ ወንበር አስወጥቶ ሰብዉፈር የሚፈልግ። ወንበሩን በራሱ አውጥቶ ነው የመጣው። መስመሩ ጋ ሲደርስ ብዕሩን ይዞ ሳቀ።

«እናቴ ቤት፣ ቤዝመንት ነው ያለው» አለኝ። «አጎቴ ተቀምጦበት ኳስ ያይበታል።»

አጎትህን አስነሳና በፕላስቲክ ጠቅልለው አልኩት።