የጠፈር ጦርነት በክብሪት ቀፎ

ለእህቴ ልጅ አንድ የጠፈር ጦርነት ልቦለድ በአማርኛ ላነብለት ቃል ገባሁ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛው ገና ነው፤ ስለ ኮከብና ስለ መንኮራኩር ከተወራ ግን እንቅልፍ የለውም። መጽሐፉ የዴቪድ ዌበር የኦነር ሃሪንግተን ተከታታይ የመጀመሪያው ነው። በሳምንቱ ደብተር ላይ እተረጉማለሁ፤ እሁድ ቡና ላይ አነባለሁ።

እኔ ራሴ የጀመርኩት ከሦስተኛው ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። ማን ከማን እንደሚዋጋ ሳይገባኝ መቶ ገጽ ሄድኩ። ዋናው ታሪክ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2018 የታተሙ 14 መጻሕፍት አሉት። ከመሃል የገባ ሰው ጦርነቱን ያያል፣ ቂሙን አያይም። ለልጁ ከአንደኛው ጀመርኩለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንቲኮር ትንሽ መንግሥት ናት። በከዋክብት መካከል የሚያሻግር አቋራጭ በር ስላላት ከነጋዴ መርከቦች ቀረጥ ትሰበስባለች። ሄቨን ትልቅ ናት፣ ካዝናዋ ግን ባዶ ነው። ሕዝቧን የምትቀልበው ጎረቤት እየወረረች ነው። ባለታሪኳ ኦነር ሃሪንግተን የማንቲኮር መርከብ አዛዥ ናት።

የመጀመሪያው እሁድ አልሆነልኝም። «ኮማንደር ሃሪንግተን ወደ መርከቧ ገባች» ብዬ ሳነብ ልጁ አቋረጠኝ። «ፖሊስ ናት እንዴ?» እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ኮማንደር ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ፖሊስ ነው። የባህር ኃይል ቋንቋ ከጆሯችን ርቋል። መጽሐፉ በታተመበት በ1993 ነው ኤርትራ ነፃነቷን አውጃ እኛ ባህር አልባ የሆንነው።

በረንዳችን ላይ ቡና የሚጠጡ ጎረቤት አሉን። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። «ጋሼ፣ መርከብ ላይ አዛዡን ምን ትሉት ነበር?» አልኳቸው። «ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ መርከቧን የያዘ ሰው ካፒቴን ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ካፒቴን አልኳት። ልጁም ዳግመኛ ስለ ፖሊስ አልጠየቀኝም።

የባሰው የመርከቦቹ አሠራር ነበር። ደራሲው መርከቦቹን የሚያስኬዳቸው ከላይና ከታች በተዘረጋ የስበት ኃይል ነው። እንግሊዝኛው ሽብልቅ ይለዋል። እኔም ሽብልቅ ብዬ ጻፍኩ። ልጁ እንጨት ፈለጣ መሰለው። ሁለት ጊዜ አስረዳሁት፣ አልገባውም። ጋሼ ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። የውስጡን መሳቢያ መዘው ጣሉት። ባዶውን ሽፋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ።

«ጣሪያውና ወለሉ ብረት ነው በለው» አሉ። «ምንም አይበሳውም። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ትንሽ ይከላከላል። የፊትና የኋላ በሩ ክፍት ነው።»

በቃ፣ ገባው። እኔም ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። ጠላት በክፍቱ በር በኩል ካገኘህ አለቀልህ። ስለዚህ መርከቦቹ ጎናቸውን ሰጥተው ተሰልፈው ይተኩሳሉ፤ ልክ እንደ ድሮ ባለ ሸራ የጦር መርከቦች። ዌበር መነሻውን ያገኘው ከሲ. ኤስ. ፎሬስተር የባህር ልቦለዶች ነው። የፎሬስተር ባለታሪክ ሆራሺዮ ሆርንብሎወርና ኦነር ሃሪንግተን ስማቸውም የአባታቸውም ስም በእንግሊዝኛ «ኤች» በሚባለው ፊደል የሚጀምረው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ስተረጉም ቀፎዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ነው። መርከቧ ወዴት እንደዞረች ካላየሁ አልጽፍም። ሽብልቅ የሚለውንም ጣሪያና ወለል ብዬ ቀየርኩት።

አንድ ነገር ግን አማርኛው ከእንግሊዝኛው በልጦብኛል። የካፒቴኗ ምክትል ማኪዮን መጀመሪያ ላይ ቂም ይዞባታል፤ ቦታውን ለራሱ ተመኝቶት ነበር። በእንግሊዝኛ ሁሉም አንድ ዓይነት «ዩ» ነው። እኔ መምረጥ ነበረብኝ። ሁለቱንም እርስዎ አባባልኳቸው፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ እርስዎ። ምክትሉ ልቡን ከፍቶ ጥፋቱን ካመነ በኋላ እሷን ወደ አንተ አሻገርኳት። እሱ እርስዎ እንዳለ ቀረ። ልጁ ወዲያው ነቃ። «ታረቁ ማለት ነው?» አለኝ። በመላው ሥራዬ እንደዚያች ቃል ያስደሰተኝ የለም።

ስምም ቢሆን በፊደል ሲጻፍ ሌላ ነገር ያሳያል። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሄቨንን የሚገለብጠው ሰው ሮብ ኤስ. ፒየር ይባላል። ያኔ ለብቻዬ ሳነብ አልፌው ነበር። ስሙን ለልጁ ደብተር ላይ ስጽፍለት ጮክ ብሎ ገጣጥሞ አነበበው። «ሮብስፒየር! የፈረንሳዩ አብዮተኛ!»

የመጨረሻው ውጊያ ሦስት እሁድ ወሰደ። የኦነር መርከብ ፊርለስ ትንሽ ናት። መደበኛ መሣሪያዋን ቀንሰው፣ በጣም ካልተጠጉ የማይሠራ መሣሪያ ጭነውባታል። የምታሳድደው የንግድ መስላ የተደበቀች የጦር መርከብ ናት። እየተደበደበች፣ ሰው እያለቀባት ትጠጋለች። እዚህ ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር አላዋጣኝም። አጭር አጭር አድርጌ ቆራረጥኩት። በአንድ ትንፋሽ የማላነበውን ሁሉ ሰረዝኩ።

መጀመሪያ የሟቾቹን ነገር ልዘለው አስቤ ነበር። ልጅ ነው ብዬ። ጋሼ ደብተሩ ላይ የሰረዝኩትን አይተው «እሱን አንብብ» አሉኝ። አነበብኩት። ልጁ እጁን ዘርግቶ ፊርለስን ከረከቦቱ ላይ አነሳ። በአንድ በኩል ተጨፍልቃ ነበር። በጣቱ ግድግዳዋን ቀና አድርጎ ጋሼ ሲኒ አጠገብ አስቀመጣት።