ስሟን የማልጠራት ሰፈር

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚነግራችሁ ስለ ዘንባባዎቹ ነው። ስለ ሰፋፊዎቹ መንገዶች፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ጣና። እውነቱን ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ በፕላን የተቀየሰች ናት። ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ያወጣው ማስተር ፕላን አሻራ በመሀል ከተማው ዛሬም ይታያል። እኔ የጻፍኩት ግን ያ ፕላን ስላልደረሰባት አንዲት ትንሽ ሰፈር ነው። ከአባይ ወዲህ፣ በጎጃም በኩል ናት። ድሮ የከተማው ዳር ነበረች። አሁን ከተማው አልፏት ሄዷል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሚኖርባት ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የሕዝብ ጥግግት ማለት የሰው ብዛት ለቦታው ስፋት ሲካፈል ነው እያልኩ ዓመት በዓመት አስተምራለሁ። በዚያች ሰፈር ደግሞ ተከራይ ሆኜ እኖራለሁ። ሁለቱን ማገናኘት ፈለግኩ። ሰው በዚህ መጠን ተጠጋግቶ ሲኖር ቀኑን እንዴት እንደሚውል፣ ማታውን እንዴት እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ፈለግኩ። እንዴት እንደሠራሁት የምነግራችሁ፣ ስለ ራሱ ሰፈር መጻፍ የሚፈልግ ሰው ካለ ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

ሰፈሯን በስሟ አልጠራትም። ይህን የወሰንኩት ገና ሳልጀምር ነው። ብዙው ቤት ካርታ የለውም። አንዳንዱ የጨረቃ ቤት ነው። አንዳንዱ ከገበሬ ላይ በመንደር ውል ተገዝቶ የተሠራ ነው። አንዳንዱ የቀበሌ ቤት ሆኖ ከጎኑ ሳይፈቀድ ሌላ ክፍል የተቀጠለበት ነው። ስም ያለበት ጽሑፍ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ቡና አፍልተው ኑሯቸውን ያጫወቱኝ ሰዎች በእኔ ጽሑፍ የተነሳ ግድግዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ማየት አልፈልግም። ስለ እንዲህ ያለ ሰፈር የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት እመክራለሁ። ስም ሳይጠሩም ብዙ ነገር መናገር ይቻላል።

መጀመሪያ የፈለግኩት ቁጥር ነበር። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ በባሕር ዳር ከተማ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል። ከዚያ በፊት በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 96,140 ነበር። በ12 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተላለፈ። ስለዚህ ለከተማው እንኳ ያለው ቁጥር ያረጀ ነው። ለአንዲት ሰፈር የሚሆን ቁጥርማ ከወዴት ይመጣል?

ከእድር መዝገብ ይመጣል። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጠባብ ሰፈርን ቤት እየቆጠራችሁ አታውቁትም። የምታውቁት ሰዎቹ በጋራ የያዙትን ነገር ስትከተሉ ነው። እድሩን፣ ቧንቧውን፣ የመብራት ቆጣሪውን፣ ሽንት ቤቱን።

አከራዬ የእድሩ አባል ናቸው። ወደ እድሩ ዳኛ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው መዝገቡን የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም።

«ማን ልኮሽ ነው?» አሉኝ ዳኛው።

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ። እዚሁ ነው የምኖረው።»

«ለቀበሌ ነው?»

«አይደለም። ስለ ሰፈራችን ልጽፍ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ጻፊ እንግዲህ፣ ልጄ። የማን ቤት የት እንደሆነ ግን አትንገሪ» አሉ።

መዝገቡ ትልቅ ነው። በእጅ የተጻፈ ነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ አለው። የባልና ሚስቱ ስም፣ የልጆች ስም፣ እድሩ የሚቀብርላቸው እናትና አባት፣ የገቡበት ቀን፣ የቤት ቁጥር። ልጅ ሲያገባ ራሱን ችሎ ይመዘገብና አዲስ ገጽ ይከፈትለታል። ገጾቹን ሳገላብጥ ያስተዋልኩት ነገር አለ። የአባትየው ገጽ፣ የትልቁ ልጅ ገጽ፣ የታናሹ ገጽ፣ የቤት ቁጥራቸው አንድ ነው። ሰፈሩ እንዴት እንደተጨናነቀ እዚያው ላይ ተጽፏል። ማንም ይህን ለማሳየት ብሎ አልጻፈውም። ለቀብር ብለው ነው የጻፉት።

መዝገቡ የማያሳየው ተከራይን ነው። ዛሬ ገብቶ በመንፈቁ የሚወጣ ሰው እድር አይገባም። ስለዚህ ከመዝገቡ ቀጥዬ በር ቆጠርኩ። የውጭውን የአጥር በር ሳይሆን ሰው የሚያድርበትን ክፍል በር ነው የቆጠርኩት። በአንድ አጥር ውስጥ ሰባት በር ያለበት ግቢ አለ። በመዝገቡ ያ ግቢ ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለው። የቀሩት አምስት በሮች ተከራዮች ናቸው፤ ተማሪዎች፣ የባጃጅ ሾፌር፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ የቀን ሠራተኞች፣ አዲስ የተቀጠረ የመንግሥት ሠራተኛ። በመዝገቡና በበሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ታሪክ ነው። ሰፈሩ በልጆቹም በእንግዶቹም እንደሞላ ይነግራችኋል።

ለምን ሞላ የሚለውን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። የተሠራው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። ሰው ለሥራና ለትምህርት ከየአውራጃው ጎረፈ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። የሰው ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ ያለው ቤት ራሱ እየተከፋፈለ ሄደ። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ስትሆን ደግሞ ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ንግዱ ሁሉ ሌላ ሰው አመጣ።

የሰፈሩ አዛውንቶች ግን ይህን ታሪክ በዓመተ ምሕረት አይነግሩትም። በጓሮ ነው የሚነግሩት። አንዲት እናት ግቢያቸውን በጣታቸው እያሳዩ አጫወቱኝ። «ይኸ ክፍል ያለበት ቦታ ጓሮ ነበር። ጌሾ ነበረኝ። ትልቁ ልጄ ሲያገባ ጌሾውን ነቀልነውና አንድ ክፍል ሠራንለት። ታናሹ ሲያገባ ማድ ቤቱን ሰጠሁት። እኔ አሁን በረንዳ ላይ ነው የማበስለው። ያቺ ጥግ ላይ ያለችዋን አከራየኋት፤ በምን ልኑር?» ከአዋጁና ከቆጠራው ይልቅ ሰፈሩን ያስረዳኝ ይህ ነው። ጽሑፌ ላይም ያስቀደምኩት የእሳቸውን ጌሾ ነው። አዋጁ ከኋላ መጣ።

ስለ ቆጣሪው ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ሰባት በር ያለበት ግቢ አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው ያለው። ሒሳቡን የሚከፋፈሉት በአምፖል ነው። ምጣድ ያላት ትጨምራለች፣ ቴሌቪዥን ያለው ይጨምራል። በየወሩ ይጨቃጨቁበታል። አሁን ታሪፉን ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የመብራት ዋጋ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ጭማሪው አልነካውም። ድሃውን ለመጠበቅ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ዋጋው በደረጃ እየወጣ ይሄዳል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰባት ቤተሰቦች እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው ትንሽ አምፖል እያበሩ በላይኛው ዋጋ ይከፍላሉ። ይህን ደረሰኝ ይዤ ሳሰላው አንጀቴ ነው ያረረው። ለድሃ የተቀነሰው ዋጋ ድሃው ጋ አልደረሰም። ምክንያቱም ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። አንድ ግቢ ገብታችሁ የመብራት ደረሰኝ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ስለ ኑሮ የሚነግራችሁ ብዙ ነው።

ቧንቧውም እንደዚያው ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት። ማን ነቅቶ እንደሚጠብቅ በተራ ነው። የተኛውን በር እየቆረቆሩ ይቀሰቅሳሉ። ጀሪካን በየበሩ ቀለም አለው፣ የኔ ቢጫው ነው፣ ያንቺ ሰማያዊው። ጠዋት ሳይቀዳ ያደረ ጀሪካን ካለ ሰውየው አልታመመም ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

ሽንት ቤቱ የሰፈሩ ትልቁ ችግር ነው። ኮብልስቶን ነዋሪው አዋጥቶ በዋናው መንገድ ላይ ተነጥፏል። ወደ ውስጥ የሚገባው ቅያስ ግን ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚያሳልፈው። የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጠው መኪና አይገባበትም። ቱቦው የሚደርሰው ፊት ለፊት ያሉት ግቢዎች ጋ ብቻ ነው። የኋላዎቹ ሲሞላባቸው ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የሚቆፈርበት ቦታ ደግሞ አልቋል። አምቡላንስም አይገባም። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤት ተረባርቦ እስከ አስፋልት ያወጣታል።

ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? ይህን ጥያቄ ለሁሉም ጠይቄያለሁ። ከጠየቅኋቸው ሁሉ የተሻለ መልስ ያመጣልኝ እሱ ነው። የትኛው አጥር እንደሚፈርስ አስቀድሞ ይታወቃል። ቆርቆሮው ይነሳል፣ ሦስት ቀን ሁለት ግቢ አንድ ግቢ ይሆናል። ከዚያ አጥሩ ተመልሶ ይቆማል። የተጣሉ ጎረቤቶችም ቢሆኑ አጥራቸውን ያነሳሉ። «ነገ በእኔ ነው» አለኝ አንድ ሰው፣ ከጎረቤቱ ጋር በፍሳሽ የተነሳ ከተነጋገረ የቆየ።

ስለ አጠያየቅ ያገኘሁትም ትምህርት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። «ችግራችሁ ምንድነው?» ስትሉ ሰው ለስብሰባ የሚናገረውን ይነግራችኋል። ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ ይላል። «ትናንት ማታ ውሃ ስንት ሰዓት መጣ? ማን ቀዳ?» ስትሉ ግን ኑሮውን ይነግራችኋል። ደብተር ቶሎ አታውጡ። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ቆዩ። ገቢ አትጠይቁ፤ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ልጅ ማን እንደሚጠብቅ፣ ምጣድ ከማን እንደሚዋሱ ጠይቁ። ሰፈሩንም በተለያየ ሰዓት ዙሩት። ጎሕ ሲቀድ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ ሁሉም ሲገባ። ቀትር ላይ ብቻ ያያት ሰው ጸጥ ያለች ሰፈር ይላታል።

የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤትና የከተማ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዩኤን ሃቢታት) አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ሰው በላይ ከኖረ ቤቱ ጠቧል ይላል። በዚህ መለኪያ ብዙው የሰፈሬ ቤት ጠቧል። መለኪያው ትክክል ነው፣ ልጆች ተደራርበው ነው የሚተኙት። ነገር ግን ስለ ሰፈሩ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አልወድም። አንደኛው ቆሻሻና ድህነት ብቻ የሚያይ ነው። ሁለተኛው «ፍቅር ያለባት ሰፈር» እያለ የሚያሞካሽ ነው። ሰዎቹ በጭስ፣ በሙዚቃ፣ በፍሳሽ ይጣላሉ። ሰፊ ቤት ቢያገኙ ነገ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ ነግረውኛል። አብሮ መኖርን የመረጡት ሌላ ስለሌለ ነው፣ ቢሆንም አብሮ መኖሩን በደንብ ይችሉበታል። ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል።

ጽሑፉን ስጨርስ ለእድሩ ስብሰባ አነበብኩላቸው። ይህን ሁሉም ጸሐፊ ቢያደርገው እወዳለሁ። ስለ አንድ ቤተሰብ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ስም ባይኖረውም ማን እንደሆነ ያስታውቃል አሉ፤ አወጣሁት። አንዲት ወጣት ተከራይ ተነስታ «ስለ እኛ ትንሽ ነው የጻፍሽው» አለች። ልክ ነበረች። እሷና ጓደኞቿ የነገሩኝን ጨመርኩ። ኪራይ ሲጨመር እንዴት እንደሚነገራቸው፣ እንግዳ ሲያድር ለምን እንደሚጠየቁ፣ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከለከለው ማን እንደሆነ።

የእድሩ ጸሐፊ አንድ ኮፒ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጧል። ስለ ፍሳሽ መኪናው የጻፍኩትን ገጽ ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ለማስገባት ወስነዋል። ቀጥዬ የምሠራው የዝናቡን ውሃ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ግቢ ይገባል። ዳኛው ከሰኔ በፊት ጀምሪ ብለውኛል። የተደፈነው ቦይ ከየትኛው አጥር ሥር እንደሚያልፍ የሚያውቁት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ መሬቱ ደረቅ ሳለ አብረን እንድንዞር ተስማምተናል።