ዋንዛና ወይራ ፍለጋ ሐዋሳ

ለእንጨት ሥራ ቤታችን ዋንዛ፣ ለሥጋ ማጠኛ ደግሞ ወይራ ልገዛ ሐዋሳ ወረድኩ። መንገዱን ብዙ አላወራም። ከዝዋይ ወዲያ አስፋልቱ ዳር ለዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ግን ታልፎ የሚሄድ ነገር አይደለም። ብዙው ግራር ነው። ያን ሁሉ ዛፍ ከሰል ሆኖ ማየት ልብ ያደማል።

ሐዋሳ አካባቢ ነገሩ ሌላ ነው። በሲዳማ ጓሮዎች ዋንዛ ከቡናና ከእንሰት ጋር ያድጋል። ለቡናው ጥላ ይሆናል፣ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያዳብራል፣ ሲደርስ ጣውላ ይወጣዋል። የምፈልገው ይሄንን የገበሬ ዋንዛ ነው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ገና ያኔ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም «ከየት መጣ?» ነው፤ ዋጋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የጣውላ ግቢ ገባሁ። አደራደሩን ሳየው ደስ አለኝ። በየጣውላው መሀል ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት ገብቷል። ጫፎቹ ቀለም ተቀብተዋል። እንጨት ውሃውን በጫፉ ቶሎ ይለቃል፤ ካልተቀባ እዚያው ይሰነጠቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» አልኳቸው የግቢውን ባለቤት።

«አምስት ሳንቲም ሜትር ውፍረት ያለው ሁለት ክረምት አልፎታል። ወዲያ ያለውን ግን አልሸጥልህም ልጄ፣ ገና እርጥብ ነው። አዲስ አበባ ወስደህ በር ብትሠራበት ይጣመምና እኔን ትረግመኛለህ።»

እንዲህ ያለ ነጋዴ ይብዛልን! እርጥብ እንጨት የሚያስጭን ሰው ለአይሱዙው የሚከፍለው የውሃ ኪራይ ጭምር ነው። ደረቁን በእርጥበት መለኪያ አየሁት፤ 14 በመቶ አካባቢ አሳየኝ። ሥራ ቤት ትንሽ ቢሰነብት ለቁም ሳጥን ይደርሳል። አንዱን ጥግ በመላጊያ ስልገው ከአቧራው ሥር ሞቅ ያለ ቡናማ መልክ ወጣ። ዋንዛ ለመሮም ለመጋዝም እሺ ይላል።

ወይራ አመሉ ሌላ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ መሮ ያደነዝዛል። ጭሱ ግን ወደር የለውም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠነው በከንቱ አይደለም። ሥጋም ላይ ያው ሽታ ይገባል። ጥድ ሙጫ ስላለው ጥቀርሻ ያበዛል፣ ሥጋውን ያመርረዋል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ቁርጥራጭ ደግሞ ምግብ አጠገብ መድረስ የለበትም። ጋሼ ከመጋዝ የተረፈውን የወይራ ቁርጥራጭ ለብቻው ነው የሚያጠራቅሙት፤ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ይወስድላቸዋል። እኔም ጥቂት ማዳበሪያ ተካፈልኩ። ላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል፤ ማዳበሪያ አየር ያስገባል።

የቀረው ወረቀት ነበር። የእንጨቱ ዓይነትና መጠን የተጻፈበት የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ኬላ አይታለፍም፣ መታለፍም የለበትም። ጋሼ ከገበሬው ጀምሮ ያለውን ሰነድ በፋይል አስቀምጠዋል። ቅጂውን ለሾፌሩ ሰጠን፣ ዋንዛውን ከታች፣ ወይራውን ከላይ ጫንን፣ ሸራ አለበስነው። የሚቀጥለውንም ጭነት ከእሳቸው ነው የማዘው፤ ያ እርጥቡ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ።