ፈረንጅ፦ የቃሉ መንገድ

«ፈረንጅ» ፈረንሳይ ከሚለው የመጣ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ግምቱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ የሳተው መንገዱን ነው።

መነሻው ፍራንኮች የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ናቸው። ንጉሣቸው ክሎቪስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዛሬ ፈረንሳይ በምንለው አገር መንግሥቱን አጸና። በግሪክኛ «ፍራንጎይ» ይባሉ ነበር። ዐረብኛ ስሙን ሲቀበል ሁለት ነገር ለወጠ፤ የባዕዱን «ግ» በራሱ ጂም፣ ማለትም በ«ጅ» ፊደሉ፣ ተካው፤ ቃልን በሁለት ተከታታይ ተነባቢ ስለማይጀምርም ከፊቱ አናባቢ ጨምሮ «ኢፍረንጅ» አለው። ማረጋገጫው ይኸው «ጅ» ነው። በቀጥታ ከፈረንሳይኛው «ፍራንሴ» ቢወሰድ ኖሮ መጨረሻው ላይ «ስ» እንሰማ ነበር። ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችው ከእነዚሁ ፍራንኮች ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ግን አልወጣም።

ትርጉሙን ያሰፋው ፖለቲካ ነው። ዐረቦች የቢዛንታይንን (የምሥራቁን የሮም መንግሥት) ሰዎች «ሩም»፣ የምዕራቡን ክርስቲያኖች «ኢፍረንጅ» እያሉ ይለዩ ነበር። የመስቀል ጦረኞች እ.ኤ.አ. በ1099 ኢየሩሳሌምን ከያዙ በኋላ ጀርመኑም ጣሊያኑም በዚሁ ስም ተጠቃለለ።

በግዕዝ ጽሑፎች ቃሉ «አፍርንጅ» ሆኖ የፊት አናባቢውን እንደያዘ ይገኛል፤ የአማርኛው «ፈረንጅ» ይህ አናባቢ የለውም። በዐረብኛ የሕዝብ ስም ነው፤ አንዱን ሰው ለመጥራት «ኢፍረንጂ» ይባላል። አማርኛ ግን የሕዝቡን ስም ለአንድ ሰው አድርጎ ወሰደና ሲበዛ «ፈረንጆች» አለ።

የድሮ ጽሑፍ ለሚያነብ ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 የፖርቱጋሉ የጦር አዛዥ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ሲገባ አፍርንጅ የተባሉት ፖርቱጋሎች ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ ባለው ክርክር ውስጥ ደግሞ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የሮምን ሃይማኖት ነው። «ፈረንሳዊ» ብሎ የተረጎመ ሰው የዚያ ዘመን ጠብ በሙሉ ያመልጠዋል።

ዛሬ ቃሉ ከሰው አልፎ ለእንስሳና ለተክልም ያገለግላል። የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ዶሮ እንላለን፤ የፈረንጅ ጽድንም ከሐበሻ ጽድ እንለያለን። የፈረንጅ ጽድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ፍራንኮች ጨርሶ ያላወቁት ምድር። ስለዚህ እዚህ ላይ «ፈረንጅ» ማለት ከውጭ የመጣ ማለት ብቻ ነው።