ባሕረ ሐሳብን ስማር ምክንያቱ ቢነገረኝ ኖሮ

በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት ማውጣት ከባድ አይደለም። እኔን ያዘገየኝ ስሌቱ ሳይሆን «ምሥጢር ነው፤ አይመረመርም» የሚለው መልስ ነው።

ቀላሉን በ2016 ዓ.ም. ልጨርሰው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7516 ነው። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ቀሪ የለውም፤ ዓመቱ የሚሰየምበት ወንጌላዊ ዮሐንስ ነው። 7516 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ። 7516 ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 11 መደብ ነው፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበር 10። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ (ሲጣል) አበቅቴ 20፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 10። የሁለቱ ድምር 30 ካልሆነ ተሳስታችኋል።

ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዕ ቁጥር የሚውልበት ቀን) በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። እኔ ይህን በቃሌ ብቻ ይዤው ስለነበር ገለበጥኩትና መስከረም 10 ላይ አዋልኩት። ዕለቱ ሐሙስ፣ ተውሳኩ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 3፤ መባጃ ሐመሩ (የመጥቅዕና የተውሳክ ድምር) 13 ሆነ። ጾመ ነነዌ የሚጀምርበት ቀን ጥር 13፣ ትንሣኤ መጋቢት 22 ወጣ። የሚያሳስተው ደግሞ ነነዌ ሰኞ፣ ትንሣኤም እሑድ መዋላቸው ነው፤ ስሕተቱ በዕለት አይታወቅም። የሚታወቀው በወሰን ነው፦ ነነዌ ከጥር 17፣ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድሙም።

ለምን ብዬ ስጠይቅ ያስተማሩኝ መምህር «የአባቶች ምሥጢር ነው» አሉኝ። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምሥጢር አልነበረምና። በጥንቱ ቀመር በጸደይ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 25 ነው፤ ትንሣኤም ከዚያ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ትንሹ መጥቅዕ መስከረም ላይ ከዋለ በዓሉ ከወሰኑ ይቀድማል፤ ስለዚህ ወደ ጥቅምት ይሻገራል። ይህን ያወቀ ሰው ሕጉን አይገለብጠውም። ትክክለኛው ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነው፤ ተውሳኩ 8፣ መባጃ ሐመሩ 18፣ ነነዌ የካቲት 18። በመባጃ ሐመሩ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመር ትንሣኤ ሚያዝያ 27። (የዕለት ተውሳክ ከቅዳሜ 8 ተነሥቶ እስከ ዓርብ 2 አንድ አንድ እየቀነሰ ይወርዳል። መባጃ ሐመር ከ30 ካለፈ 30ውን ገድፋችሁ ወር አሻግሩ።)

«መጀመሪያ በቃል ያዝ፣ ምክንያቱ ይደርሳል» ይባላል፤ አልስማማም። ወንበሩን ለአበቅቴ የምታባዙበት 11 የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከጨረቃ ዓመት 354 ቀን የሚበልጥበት ነው። የምታካፍሉበት 19 እና የምታባዙበት 19 ደግሞ አንድ አይደሉም፦ የመጀመሪያው ጨረቃና ፀሐይ ዳግም የሚገናኙበት የዓመት ዑደት ነው፤ ሁለተኛው ከ30 ላይ 11 ሲነሣ የሚቀረው ነው። ይህን የነገረኝ የለም።

ትውፊቱ ቁጥሮቹን የሚሰጠን በጸሎት በኩል ነው። የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ለሌሊት 23፣ ለቀን 7 ሱባዔ (ሰባት ሰባት ቀን የሚቆይ የጸሎት ጊዜ) ገባ። 23 በ7 ሲባዛ 161፣ ሲገደፍ 11፤ 7 በ7 ሲባዛ 49፣ ሲገደፍ 19። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ ሰማዩን መቁጠሬ እምነቴን አልነካውም፤ ሱባዔው የሰጠውን 11 ጨረቃዋም ትሰጠዋለች። መቃብሩ እንዴት ባዶ እንደሆነ ግን በማካፈል አይደረስበትም፤ ምሥጢር የሚለውን ቃል ለዚያ ብናስቀምጠው እወድ ነበር። በዚሁ ቀመር የስምንተኛውን ሺህ ፍጻሜ ቀን ላውጣ የሚላችሁንም አትስሙት፤ ወንጌሉ ያቺን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ይላል።

ለልምምድ 2024ን እና 2025ን ሥሩ። በመጀመሪያው ለ19 ስታካፍሉ ቀሪ አይኖርም፤ መደቡን 19፣ ወንበሩን 18 በሉት። በሁለተኛው ወንበሩ አልቦ (ዜሮ) ነው፤ አበቅቴም አልቦ፣ መጥቅዕ 30፣ በዓለ መጥቅዕም መስከረም 30።