ዚ-ዌቭ ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ ኖዶችን ማጽዳት

የዚ-ዌቭ (የቤት ዕቃዎችን በሬዲዮ የሚያገናኝ ዘዴ) መብራታችሁ ማብሪያው ከተነካ በኋላ ቆይቶ የሚበራ ከሆነ መጀመሪያ የኖዶቹን፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የተመዘገቡትን ዕቃዎች፣ ዝርዝር እዩ። አምራቹም ሞዴሉም የማይታወቅ፣ «ዴድ» (የሞተ) የሚል ኖድ ካለ ቀዳሚው ተጠርጣሪ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው የኤስ2 (የዚ-ዌቭ የደህንነት ዘዴ) ማጣመር መሀል ላይ ሲቋረጥ፣ ወይም ዕቃው ኤክስክሉድ ሳይደረግ (ከኔትወርኩ በደንቡ ሳይወጣ) ተነቅሎ ሲጣል ነው። ኮንትሮለሩ (ኔትወርኩን የሚመራው መሣሪያ) ግን አለ ብሎ መልእክት ይልክለታል፣ መልስ ይጠብቃል፤ ሌላው ትእዛዝ ከኋላ ይሰለፋል።

ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለና ከሠራ ኤክስክሉድ አድርጉት፣ አለቀ። ከሌለ በዚ-ዌቭ ጄኤስ ዩአይ (ኔትወርኩን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) የስቲኩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ኮንትሮለር፣ ኤንቪኤም (ማስታወሻ) ባክአፕ ያዙ፣ ኖዱን ፒንግ አድርጉ (ይመልስ እንደሆነ ጠይቁት)፣ ከዚያ «ሪሙቭ ፌይልድ ኖድ»ን (የማይመልስ ኖድ መሰረዣውን) ተጫኑ። እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኖዱ መልስ መስጠቱ ነው፤ ኮንትሮለሩ የሚመልስለትን ኖድ አይሰርዝም። የዕቃውን ብሬከር አጥፉ ወይም ባትሪውን አውጡና እንደገና ፒንግ አድርጋችሁ ሞክሩ።

በባትሪ የሚሠራ የበር ሴንሰር ዝም ስላለ ብቻ ሞቷል አትበሉ፣ ተኝቶ ይሆናል። ቁልፉን ተጭናችሁ ቀስቅሱት።

ከአፑ ላይ ስሙን ማጥፋት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ኖዱ የተመዘገበው ስቲኩ ውስጥ ነው። ከተሰረዘ በኋላ በእሱ በኩል ያልፉ የነበሩትን ዕቃዎች ብቻ «ሪቢልድ ሩትስ» አድርጉ (የመልእክት መንገዳቸው እንደገና ይሠራ)። መላውን ኔትወርክ መነካካት አያስፈልግም።