የቤንዚኑ ዋጋ ጨመረ፣ ስሙኒው ቀረ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ማደያ ደርሼ ተሰለፍሁ፤ ከፊቴ ያሉትን ብቆጥር ሠላሳ ሰባት መኪኖች ሆኑ፣ የሚበዙትም ሚኒባሶች ነበሩ። ሹፌሮቹ መሪው ላይ ተደፍተው ተኝተዋል። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሞተር የሚያስነሳ አልነበረም፤ ለማስነሻ የምትሆነውን ጠብታ እንኳ ለመቆጠብ ሹፌሩ በመስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ይይዛል፣ ረዳቱ ከኋላ በትከሻው ይገፋል። የሊትሩ ዋጋ በመቅጃው ላይ በጉልህ ይነበባል። መንግሥት የተመነው ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም፤ በዚያች ሰዓት ግን በዚያ ዋጋ የሚቀዳ ቤንዚን አልነበረም። ሁለት መታጠፊያ አልፎ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ነበር፣ ያም የራሱ ዋጋ ነበረው።

መንግሥት በእጥረት ጊዜ በነዳጅ ላይ ልዩ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ብዙም አይማርከኝም። ነዳጅ ሲጠፋ ዳቦውም፣ አምቡላንሱም፣ የውኃ ቦቴውም አብረው ስለሚቆሙ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መንግሥት አላውቅም። እኔ የምጠይቀው፣ መንግሥት ዋጋ ሲተምንና ኮታ ሲያከፋፍል ሰንሰለቱን የሚይዘው በየትኛው ጫፍ ነው የሚለውን ነው፤ አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላውን ሲለቅ መሐል ያለው ሰው ይታነቃልና።

ይህን ያስተማሩኝ በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ፣ በወጣትነታቸው ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ስለ የካቲት 1966 ዓ.ም. ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከስሙኒ፣ ከሃያ አምስት ሳንቲሟ የታክሲ ታሪፍ ነበር። «ቤንዚኑን ጨመሩብን፣ ስሙኒዋን ግን አልጨመሩልንም» ይሉኝ ነበር። ነገሩ ከሩቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲነሳ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ አምራቾች የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋን በርሜሉን ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 5 ዶላር ከ12 ሳንቲም አወጡት፤ በጥር 1974 ደግሞ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ደረሰ። አሰብ ላይ ማጣሪያ ቢኖረንም የሚያጣራው ድፍድፍ ከውጭ የሚገዛ ስለነበር አገራችን ከዚህ የምታመልጥበት መንገድ አልነበራትም። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ከፍ አደረገ። የታክሲው ታሪፍ ግን ባለበት ቆመ።

ሂሳቡ ለአንድ ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያስቸግርም። የሚከፍለውንም የሚያስከፍለውንም የሚወስነው ያው መንግሥት ነው፤ የመጀመሪያውን አንስቶ ሁለተኛውን ከተወው ልዩነቱ ከልጆቹ እንጀራ ይወጣል። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን የትምህርት ሥርዓቱን ለመለወጥ በቀረበው «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» ምክንያት ሥራ አቆሙ፣ ከተማዋም ታወከች። ንጉሠ ነገሥቱ በሳምንቱ ውስጥ የቤንዚን ዋጋ እንዲቀንስ ቢያደርጉም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ የካቲት ሳይወጣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የወሎ ረኃብ፣ የወታደሩ ደመወዝና የመሬት ጥያቄ ባይኖሩ ኖሮ ታክሲ ብቻውን መንግሥት ይጥል ነበር አልልም። ሆኖም የዋጋ ውሳኔው የተላለፈው ሸክሙን ማን እንደሚሸከም ሳይታሰብ እንደነበር ግልጽ ነው።

በዚያው ወቅት አሜሪካኖች የያዙት ሌላውን ጫፍ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 መጨረሻ የፈረሙት የአስቸኳይ ጊዜ የነዳጅ ድልድል ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ድፍድፉንና የተጣራውን ለየአካባቢው እንዲደለድልና ዋጋውን እንዲተምን ያስገድድ ነበር። ሐሳቡ ለፍትሕ የቀረበ ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ ነጋዴ በ1972 በተመሳሳይ ወር በወሰደው ልክ እየተሰላ ይሰጠዋል። ነገር ግን የ1974 አሜሪካዊ የ1972ቱ አሜሪካዊ አልነበረም። ቤንዚን እንዳያልቅበት ስለፈራ ቅዳሜና እሑድ ሩቅ መሄዱን ትቶ ከተማው ውስጥ ተቀመጠ፤ ቤንዚኑ ግን አምና ካቻምና መኪና ይበዛባቸው ወደነበሩ የመዝናኛ መንገዶች መሄዱን አላቆመም። ስለዚህ ማንም በማያልፍበት ማደያ ነዳጅ ሲተርፍ፣ ከተማ ውስጥ ሰው ከንጋት በፊት ይሰለፍ ነበር። በአንዳንድ ግዛቶች የሰሌዳ ቁጥሩ በጎዶሎ የሚያልቅ በጎዶሎ ቀን፣ በሙሉ የሚያልቅ በሙሉ ቀን እንዲቀዳ ተደነገገ። ይህ ሰልፉን ትንሽ አሳጠረው እንጂ አንዲት ሊትር አልጨመረም።

በድፍድፉ ላይ የተጣለው ትመና ደግሞ የበለጠ የተወሳሰበ ነበር። ከቀድሞ ጉድጓድ የሚወጣው «አሮጌ» ተብሎ በርሜሉ በ5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲታሰር፣ አዲስ የተገኘው በገበያ ዋጋ ይሸጥ ነበር። አንድ ዓይነት ድፍድፍ ሁለት ዋጋ ሲኖረው ሰው ጉልበቱን የሚያውለው ድፍድፍ በመፈለግ ላይ ሳይሆን አሮጌውን አዲስ ለማሰኘት ወረቀት በመጻፍ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ተብሎ የወጣው ሥልጣን እየተራዘመና በሌላ ሕግ እየተተካ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በጥር 1981 ዋጋውን እስኪለቁት ድረስ ሰባት ዓመት ቆየ። ከዚያ ሁሉ የሚጠቅመው የተገኘው በ1975ቱ ሕግ ይመስለኛል፤ መንግሥት ራሱ ድፍድፍ ገዝቶ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ባሉ የጨው ዋሻዎች እንዲያከማች የወሰነው ያኔ ነው። እጥረት ሲመጣ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ነዳጅም በእጁ እንዲኖር ማለት ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲያድግ፣ ለሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር በኩል የታለመ ድጎማ ተደረገ። የጎረቤቴን ስሙኒ የሚያስታውስ ሰው በዚያ ውይይት ላይ ሳይኖር አልቀረም ብዬ አስባለሁ፤ ሁለቱም ጫፎች አንድ ላይ የተያዙት ያን ጊዜ ነውና። የራሱ ቀዳዳ ግን ነበረው። ድጎማ ያለው ሹፌርና ድጎማ የሌለው የቤት መኪና በአንድ ማደያ ሲሰለፉ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሥራት የቀዳውን መልሶ መሸጥ የሚያዋጣበት ቀን ይመጣል። ዋጋው ከጎረቤት አገሮች ዝቅ ብሎ በቆየ ቁጥርም ቦቴው ወደ ድንበር ማየቱ አይቀርም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች የግብይት ሥርዓት አዋጅ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው፤ ከተፈቀደለት ውጭ የሚሸጠውንና የሚያከማቸውን በከባድ ቅጣት ያስፈራራል። ቅጣቱን አልቃወምም። ይሁን እንጂ ያን ሌሊት በሃይላንድ የሚሸጠው ልጅ ቢታሰር ከፊቴ ያሉት ሠላሳ ሰባት መኪኖች ሠላሳ ስድስት አይሆኑም ነበር።

እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር በሕጉ ውስጥ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ የማደያው ዋጋ በተሻሻለበት ቀን የትራንስፖርት ታሪፉም አብሮ ይለጠፍ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ሳምንት ለተሳፋሪውም ለሹፌሩም የጠብ ሳምንት ናት። ሁለተኛው፣ ለማደያዎች የሚከፋፈለው ኮታ በአምናው መዝገብ ሳይሆን በዚያ ወር በተቀዳው ልክ ይሰላ፤ ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ የት ስንት ሊትር እንደተቀዳ በየዕለቱ ይታወቃልና፣ አሜሪካኖች በ1974 ያልነበራቸው መረጃ በእጃችን አለ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቦቴው ደረሰ። ከፊቴ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር ከእንቅልፉ ነቅቶ ፊቱን በውኃ አበሰ፤ ረዳቱም የመጀመሪያዎቹን ተሳፋሪዎች ገና እዚያው ሰልፉ ላይ እያለ መጥራት ጀመረ።